በስልሳ ስምንት ከመቶ አቦቦ ደርሶ መልስ

ሰኞ፣ የካቲት 2

ስልሳ ስምንት ከመቶ። የኤሌክትሪክ መኪናዬ ባትሪ ከዚህ በላይ አልሞላም። መብራቱ ቅዳሜ ከሰዓት እንደሄደ ነው። "መስመር ተበጥሶ ነው፣ እየተሠራ ነው" ይላሉ፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ነዳጅም የለም። ማደያው በር ላይ ባጃጆቹ ተሰልፈው ሾፌሮቹ ዛፍ ሥር ካርታ ይጫወታሉ። መኪናዋን ከገዛሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዚያ ሰልፍ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር በልቤ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም። ዛሬ ግን ፈገግታው አልመጣም። ነዳጅ የሚጠብቅም መብራት የሚጠብቅም ያው ጠባቂ ነው።

በጠዋቱ በረራ ሐኪሞች ገቡ። እኔ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሻንጣ እየመዘንኩ ታግ የማስር ሠራተኛ ነኝ፤ ጋምቤላ ማን እንደገባ ከከተማው ሰው ቀድሜ አውቃለሁ። "ተሰባሪ ነው፣ በቀስታ" የተባለላቸው ብዙ ሳጥኖች ይዘው ነበር። ምን እንደሆነ የገባኝ ከሰዓት አሪየት ስትደውል ነው። አሪየት የሆስፒታሉ ነርስ ናት። አኙዋ ናት፤ አቦቦ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው።

"የዓይን ሐኪሞች ናቸው" አለች። "ነገ ምርመራ፣ ረቡዕ ኦፕሬሽን፣ ሐሙስ ፋሻ መፍታት። ዓርብ ይሄዳሉ። አባትሽን አምጪ።"

"አውቶብስ እኮ የለም።"

"አንቺ መኪና የለሽም እንዴ?"

አለኝ። ችግሩ አባባ ናቸው።

አባባ አቦቦ ገበሬ ናቸው። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ሲመጡ እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። አሁን ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። አምና የረመዳን ጨረቃ ስትወጣ "የት ጋ? የት ጋ?" እያሉ በኔ ጣት ሰማዩን ሲያስሱ ነበር። ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ አሥር ቀን ያህል ቀርቶታል።

መኪናዬን ደግሞ ይጠሏታል። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ አንዲት ግልገል ዘላ መንገድ ገባች። እግሬ ፍሬን ላይ ሳይደርስ መኪናዋ በራሷ ቆመች። አባባ ቀበቶ አላሰሩም ነበርና ግንባራቸው ዳሽቦርዱን መታ። ግልገሏ ምንም አልሆነችም። ይህን ስነግራቸው ግንባራቸውን እያሹ፣ "በሬ እንኳ ጌታው ቁም ሲለው ነው የሚቆም። ይቺን ማን አዘዛት?" አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልገቡባትም።

አሪየት ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ "ግን አሁንም እንደ መጀመሪያው ትወጃታለሽ?" አለችኝ። ስቄ አለፍኩት። እዚህ ልመልስ።

እወዳታለሁ። ጠዋት ስወጣ ጎረቤት አትቀሰቅስም። ዘይት ቀይሪ፣ ካንዴላ ቀይሪ አትልም፤ እስካሁን ጎማና የፊት መስታወት ብቻ ነው የቀየርኩት። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ባለው አስፋልት ላይ ፊት ለፊቷ ካለው መኪና ርቀቷን ጠብቃ ትከተላለች፤ ከመስመር ስወጣ መሪውን ቀስ አድርጋ ትመልሰዋለች። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። ያን መንቀጥቀጥ ያስተወችኝ እሷ ናት።

የማትችለውም አለ። ጠጠር ላይ ስንገባ መስመር ፍለጋ ትደናገራለች፤ ያን አጠፋዋለሁ። አቧራ ካሜራዎቿን ይሸፍናል፤ በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ እጠርግላታለሁ። አንዴ የፊት መስታወቷ ተሰነጠቀ። ካሜራው ከመስታወቱ ጀርባ ስለሆነ የሚያስተካክል ሰው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት እሷም እኔም በጭፍን ነዳን። ያኔ ነው ምን ያህል እንደተደገፍኩባት ያወቅኩት።

አቦቦ ደርሶ መልስ ሃያ ስድስት ከመቶ ትበላለች። አርባ ሁለት ይቀረኛል ማለት ነው። ነገ በጠዋት ወደ ሥራ፣ ከዚያው ወደ አባባ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

አባባን አመጣኋቸው! አልሐምዱሊላህ።

ፈረቃዬ ስድስት ሰዓት ላይ አለቀና በዚያው ቀጠልኩ። ስደርስ አባባ በረንዳ ላይ ናቸው፤ አጠገባቸው ጋሽ ኡጁሉ። ጋሽ ኡጁሉ አኙዋ ናቸው፣ የአገሩ ሰው። ሰፋሪው ሲመጣ፣ ክረምት ላይ ውሃ ሲሞላ የትኛው ጉብታ እንደማይሰምጥ ለአባባ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ጀምሮ ጎን ለጎን በቆሎ ሲዘሩ ኖረዋል። የሳቸውም ዓይን ደክሟል፤ በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ፊት ለፊታቸው ያለውን ብቻ፣ ያውም በጭላንጭል ያያሉ። ባለፉት ዓመታት አባባን ወደ እርሻም ወደ ገበያም እጃቸውን ይዘው የሚወስዱት እሳቸው ናቸው።

"አልገባም" አሉ አባባ ገና ድምፄን ሲሰሙ። "አውቶብስ ሲመጣ እሄዳለሁ።"

"አውቶብሱ እስኪመጣ ሐኪሞቹ ይሄዳሉ፣ አባባ።"

"አላህ ያለው ይሆናል።"

ጋሽ ኡጁሉ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። አማርኛቸው አጭር ነው፤ ለሳቸው ሴቱም ወንዱም፣ ትልቁም ትንሹም "አንተ" ነው። "ይማም፣ አንተ ጨረቃ ማየት እፈልጋለሁ አልክ። እኔ ገባሁ። አንተ ቅር" አሉና የመኪናዋን በር በዳበሳ ፈልገው ከኋላ ተቀመጡ።

አባባም ተነሡ። እጃቸውን ወደ መኪናዋ ዘርግተው፣ "ያ ቀበቶ የምትሉት የት ነው?" አሉ።

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ከባድ መኪና አልፎን አቧራውን ለቀቀብን። ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ ግን አልቆምኩም፤ መቆም ነበረብኝ። ድንገት መኪናዋ ጮኸች፣ በዚያው ቅጽበት ፍሬኗን ነከሰች። ሁላችንም ወደ ፊት ሄደን ተመለስን። አቧራው ሲገልጥ አንዲት ቀይ ላም መንገዱን ዘግታ ቆማለች። ከአፍንጫችን እስከ ጎኗ ሁለት ክንድ አይሞላም።

"ምንድን ነው?" አሉ አባባ፣ ቀበቶውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

"ላም ናት።"

"አየሻት?"

አዎ ብል ማን ያውቅብኛል? ግን አልሆነልኝም። "አላየኋትም፣ አባባ።"

"እሷ አየቻት? በዚህ አቧራ?"

"አዎ። በአቧራም የሚያይ ነገር አላት።"

ላሟ በራሷ ጊዜ እስክትሄድ ጠበቅን። አባባ ቀበቶውን ለቀቅ አድርገው፣ "ታዲያ እኛ ሦስታችን ተደምረን ከምናየው እሷ ትበልጣለች" አሉ። ጋሽ ኡጁሉ ከኋላ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ ቀስ ብዬ ነዳሁ።

አባባ ለነገ ተመዘገቡ፣ በቀኝ ዓይን ይጀመራል። ጋሽ ኡጁሉ ላይ ሐኪሟ ብዙ ቆየች። መብራቱን አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ አበራችባቸው፣ በመሣሪያ ለካች፣ እንደገና ለካች። "ነገ ደግመን እናየዋለን" አለች። አሪየትን በዓይኔ ጠየቅኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አላውቅም ማለቷ ይሁን ሌላ አልገባኝም።

ልወጣ ስል አሪየት እጄን ያዘችኝ። ከአቦቦ የተመዘገቡ ሌሎች ሦስት ሰዎች አሉ፣ መምጫ የላቸውም።

አርባ ሁለት። ደግሜ ብሄድ አሥራ ስድስት።

"ነገ አመጣቸዋለሁ" አልኳት። ካልኩ በኋላ ነው ያሰላሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ዛሬ የሆነውን ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ብቻ።

ሙቀቱ እንቅልፍ አልሰጠንም፤ ያለ ማራገቢያ የጋምቤላ የካቲት ምድጃ ነው። አባባና ጋሽ ኡጁሉ እኔ ቤት ነው ያደሩት፤ አባባ ለኦፕሬሽኑ እየተጨነቁ ሲገላበጡ ነጋ። ሦስት ሰዓት ላይ ነጭ ጋውን አልብሰው አስገቧቸው። በሩ ላይ፣ "ዘይኑ፣ ቢበላሽም የሚቀርብኝ ትንሽ ነው፤ አትዘኚ" አሉኝ። ሥራዬን አንዲት ባልደረባዬ ይዛልኛለች። ቆሜ ከምጨነቅ ብዬ ወደ አቦቦ ነዳሁ።

እማማ ወርቅነሽንና ሁለት ሽማግሌዎችን ጫንኩ። እማማ ወርቅነሽ በዚያው ሰፈራ የመጡ የአባባ ጎረቤት ናቸው፣ ክርስቲያን፤ ልጅ ሳለሁ ለፋሲካ ዳቦ ሳይልኩልን አያልፉም ነበር። ፊት አስቀመጥኳቸው። ባትሪ ለመቆጠብ ኤሲውን አጥፍቼዋለሁ፤ መስኮት ቢከፈት አቧራ ነው። ፎጣ አርጥቤ ለሁሉም አደልኩ። አንድም ሰው አላማረረም። እንዲያውም እማማ ወርቅነሽ፣ "ድምፅ የላትም፤ ቆመናል እየሄድን ነው?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ጠጠሩ አልቆ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ መንገዱ ለሰለሰ። መስመር መጠበቂያውን አበራሁ። አውሮፕላን ማረፊያውን አለፍን። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

የማስታውሰው መሪው በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ነው። ቀጥሎ የቀበቶው መጎተት። ቀጥሎ ያ የምታወጣው ሹል ጩኸት። ዓይኔን ስገልጥ መኪናዋ መሪውን ወደ መሃል እየመለሰች ነው፤ በቀኝ ጎማው ስር የአስፋልቱ ጠርዝ፣ ከጠርዙ ቀጥሎ ቦይ። ስክሪኑ ላይ የማንቂያ ምልክቱ ቀይ ሆኖ ይበራል።

ስንት ሰከንድ ተኝቼ ነበር? ሁለት? ሦስት? መኪናው ውስጥ ማየት የማይችሉ ሦስት ሰዎች አሉ፤ የሚያየው የእኔ ዓይን ብቻ ነበር፤ እሱም ተዘግቶ ነበር።

"ምን አለችሽ?" አሉ እማማ ወርቅነሽ።

ልሸሽገው ነበር። ግን ምላሴ እንቢ አለ። "አንቀላፋሽ፣ እረፊ አለችኝ።"

እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ነኩ። "እንግዲያ እረፊያ። እኛ ወዴት እንሄዳለን?"

ዛፍ ሥር አቆምኩ፣ በሮቹን ከፈትኩ። ሃያ ደቂቃ ተኛሁ። እነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ማሽላ ወፍ ሲያወሩ ይሰማኝ ነበር። ስነቃ ፎጣው ግንባሬ ላይ ነው፤ ማን እንዳደረገው አልጠየቅኩም።

አሁን ሳስበው ሁለት ነገር ነው የሚመላለስብኝ። አንደኛው፣ የመኪናዋን ፕሮግራም የጻፈውን፣ መልኩንም አገሩንም የማላውቀውን ሰው አላህ ያክብረው፤ አራት ነፍስ ነው ያተረፈው። ሁለተኛው ደስ አይልም፦ እሷ ባትኖር እንዲህ ደክሞኝ መሪ እይዝ ነበር? ተማምኜባት አይደለም ወይ ራሴን ያልሰማሁት? እሷ የተሠራችው እኔን ለመርዳት ነው እንጂ እኔን ለመተካት አይደለም። ነገሩን ግን እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ የረሳሁት።

አባባ በደህና ወጡ። ቀኝ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። እማማ ወርቅነሽና ሁለቱ ሽማግሌዎችም ከሰዓት ገብተው ወጡ። ጋሽ ኡጁሉን ዛሬም አላስገቧቸውም።

አሥራ ስድስት ከመቶ። መብራት የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

አባባ አዩ።

ፋሻውን የፈታችላቸው አሪየት ናት። መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀሩ። "ይክፈቱት" ስትላቸው፣ "ቆይ" ይላሉ። "ምን ይጠብቃሉ?" "ቆይ አልኩሽ።" ቢስሚላህ ብለው ከፈቱ። አሪየትን አዩ። ግድግዳውን አዩ። እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩና ረዥም ጊዜ አፍጥጠው፣ "አንቺ፣ ሸብተሻል እንዴ?" አሉኝ።

ሁለት ሦስት ፀጉር ነው። ግን እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ አሪየትም አለቀሰች፤ እማማ ወርቅነሽ የራሳቸው ፋሻ ሳይፈታ እልል አሉ።

ደስታው ሳይበርድ ሐኪሟ ጋሽ ኡጁሉን አስጠራች። አሪየት በአኙዋኛ ልታስተረጉምላቸው አብራ ገባች፣ እኔም ተከተልኩ። የሳቸው በሽታ ሞራ አይደለም። የዓይን ግፊት ነው፤ ውስጥ ያለውን ነርቭ ቀስ በቀስ ሲገድለው ኖሯል። የጠፋው አይመለስም። የቀረችውን ጭላንጭል ለማቆየት ግን በቀን ሁለት ጊዜ የሚንጠባጠብ መድኃኒት አለ፤ ዕድሜ ልክ፣ ሳይቋረጥ።

ጋሽ ኡጁሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። በአማርኛ የመለሱት እኔን ነው፣ ምናልባት እንዳላዝን። "አንተ ዘይነባ፣ ይማም አየ?"

"አዩ፣ ጋሽ ኡጁሉ።"

"ጥሩ ነው። አንዱ ማየት አለበት።"

ከክፍሉ ስንወጣ አባባ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሄደው ጋሽ ኡጁሉን እጃቸውን ያዙ። ሲያወጧቸው አባባ ወደ ግራ ሊመሩ፣ ጋሽ ኡጁሉ በልማድ ወደ ቀኝ ሊመሩ፣ በሩ ላይ ተጠላለፉ። ማን ማንን እንደሚመራ ገና አልለመዱትም።

ግቢው ውስጥ አባባ መኪናዋን ዞረው አዩ። "ሰማያዊ ናት? እኔ እኮ ነጭ መስላኝ ነበር የምጠላት" አሉ።

አሥር ሰዓት ላይ ከየቤቱ ጩኸት ተሰማ፤ መብራት መጣ! ሮጬ ሰካኋት። አሥራ ሁለት ከመቶ ላይ ነበረች። ነገ አምስቱንም እመልሳለሁ፣ እንደገና በሁለት ዙር። አሁን ከወንበሬ ሆኜ ቁጥሩ ሲጨምር አያለሁ። አሥራ አምስት። አሥራ ሰባት። የጋሽ ኡጁሉ ነገር ባይኖር ይህች ቀን ምንም አይጎድላትም ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 6

መቶ ከመቶ። በደንብ ተኝቻለሁ።

በጠዋት እማማ ወርቅነሽንና ሽማግሌዎቹን አደረስኩ። እማማ ከቤታቸው በር ላይ ሆነው በሚያየው ዓይናቸው እስክጠፋ ሸኙኝ። ጁምዓ ካለፈ በኋላ አባባንና ጋሽ ኡጁሉን ይዤ ወጣሁ።

አባባ የፊቱን በር ከፈቱና ገለል አሉ። "ኡጁሉ፣ አንተ ግባ። እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ።"

መንገዱን ሙሉ እየተንጠራሩ ሲነግሯቸው ሄዱ። ማንጎው አብቧል። የእገሌ ቤት ቆርቆሮ ሆኗል። እዚህ ጋ የነበረው ትልቅ ዛፍ ተቆርጧል። ጋሽ ኡጁሉ አንዳንዱን፣ "አውቃለሁ፣ አምና እኔ ነገርኩህ" ይላሉ፤ አንዳንዱን ዝም ብለው ያደምጣሉ። አባባ ከዚያ ስክሪኑን አዩት። መኪናዋ ዙሪያዋን የምታየውን እዚያ ላይ ትስላለች፤ ሰውን እንደ ሰው፣ መኪናን እንደ መኪና። ከፊታችን የቤት ክዳን ሣር በራሷ ላይ የተሸከመች ሴት ትሄዳለች፤ ሣሩ ከሷ በላይ ሰፍቶ መንገዱን ሞልቷል። ስክሪኑ ላይ የታየችው የጭነት መኪና ሆና ነው።

"ኡጁሉ! ሴትዮዋን ከባድ መኪና አለቻት!" አሉ አባባ።

ጋሽ ኡጁሉ አሰቡበት። "አልተሳሳተም" አሉ። "ሴት ከባድ መኪና ነው።"

እስክናልፋት ሳቅን። እጄን አውጥቼ ሰላም አልኳት፤ ሸክሟን ይዛ ፈገግ አለችልኝ።

ጋሽ ኡጁሉ ቤት ስንደርስ የመድኃኒቱን አጠቃቀም ለልጃቸው ሚስት ላስረዳ ፈለግኩ፤ እርሻ ሄዳለች። በየወሩ አዲስ ጠርሙስ እኔ አመጣለሁ፤ ክረምት ሲገባና መንገዱ ሲቆረጥ እንዴት እንደማደርግ አላውቅም፣ ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀድሜ ማምጣት ይኖርብኛል። በየቀኑ ጠዋትና ማታስ ማን ያደርግላቸዋል ብዬ ስጨነቅ አባባ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰዱት።

"እኔ አደርግለታለሁ። ከቤቴ እዚህ ስንት እርምጃ ነው?"

"የእርስዎም ዓይን እኮ ገና..."

"አያለሁ አልኩሽ።"

እጃቸውን በሳሙና አስታጠብኳቸው። ጋሽ ኡጁሉን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀና አደረጉላቸው፤ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት፤ አጎነበሱ። ጋሽ ኡጁሉ ዓይናቸውን በሰፊው ከፍተው ሰማዩ ላይ ተክለዋል።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ወደቀች።

"ይማም፣ እዚያ ዓይን የለም" አሉ ጋሽ ኡጁሉ።

"ዝም በል፣ አትንቀሳቀስ።"

ሁለተኛዋ ገባች።